ሰውየው ወይስ ዳቦው

የጻፍኩት ሦስት ፊደል ነው፤ እሱም የፈረንጅ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ሙሉ ጥራዝ ጽፌ ከመምህሬ በቀር ያነበበኝ አልነበረም፤ እሱም ማንበቡን እጠራጠራለሁ። ሦስት ፊደል ጽፌ ግን ፋብሪካው በሙሉ አነበበኝ። ደራሲ መሆን የሚፈልግ ሁሉ ከአለቃው ፎቶ ሥር ይጻፍ።

የምሠራው ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የምርት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። የተማርኩት እንግሊዝኛ ሲሆን ዳቦን የተማርኩት እዚያው፣ በጣቴና በምላሴ ነው። ያስቀጠረኝ የታላቅ እህቴ ባል ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም እሱ ነው። እኔ ቤት ውስጥ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ሠራተኛው ከኋላው «እርሾ» ይለዋል፣ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚነፋ። እኔን ከፊት ለፊቴ «ዲክሽነሪ» ይሉኛል። ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝ ያወቅሁት ከተከሰስኩ በኋላ ነው፤ አይጻፍም።

በዚያ ሰሞን እርሾ አዲስ ዳቦ አወጣ። አወጣ ስል፣ የድሮውን ዳቦ ወስዶ ሊጡ ኩፍ የሚልበትን ጊዜ በግማሽ ቀነሰና አዲስ ላስቲክ አለበሰው። በቀን የሚወጣው ዳቦ በዛ፣ የባለቤቶቹ ቦርድ አጨበጨበ። እሱም ዳቦውን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ፎቶ ተነሣና በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ «ኩራታችን» ይላል። የቦርዱ አባላትም እዚያ ግሩፕ ውስጥ ስላሉ ሠራተኛው አበባ በአበባ አደረገው። የሽያጭ ኃላፊው ሦስት እሳትና አንድ ዘውድ ላከ።

እኔ ያን ዳቦ ጠዋት ቆርጬ አይቼዋለሁ። ከላይ ያምራል፤ ከታች ግን እንደ ሳሙና የረጋ እርጥብ ንጣፍ አለው። በጣቴ ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ፤ ዳቦው ተመልሶ ለመነሣት ምንም ፍላጎት የለውም። ለእርሾ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ «አንቺ ዳቦ ቅመሽ እንጂ አታስተምሪኝ» አለኝ። እኔም ከፎቶው ሥር በእንግሊዝኛ «ሳድ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳድ በየቀኑ የምንሰማት ቅጽል ናት፤ ሕፃን ልጅ እንኳ «ያዘነ» ብሎ ይተረጉማታል። በአንዳንድ የእንግሊዝ ገጠሮች ግን ጋጋሪዎች አልነሣ ያለን፣ ከብዶ የቀረን ዳቦ «ሳድ» ይሉታል። ይህን የሚያውቅ በፋብሪካው ውስጥ አልነበረም፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። እውነቱን ማንም በማይገባው ቋንቋ ተናግሮ ህሊናን ማሳረፍ የተማረ ሰው ዘዴ ነው።

ችግሩ፣ ገባቸው። ያውም በየዓይነቱ።

ጥበቃዎቹና አቡኪዎቹ የኛን ቋንቋ በፈረንጅ ፊደል መጻፍ የለመዱ ስለሆኑ «ስድ» ብለው አነበቡት። ከምሳ በፊት «አማቿን ስድ አለችው! በአደባባይ!» የሚለው ወሬ ከዱቄት መጋዘን እስከ መኪና ማቆሚያ ደረሰ። የምድጃው ኃላፊ፣ «ምድጃ» የምንለው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ነው፤ የፊደል ቤቶችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በቃሉ የሚወጣ ሰው ስለሆነ «ሳድስ» ብሎ አነበበውና ወደ እኔ መጣ። «ስድስተኛ ማለትሽ ነው? ከማን ጋር አወዳድረሽው ነው ስድስተኛ የወጣው?» እርሾ ደግሞ በግል የሚያስጠናው የእንግሊዝኛ መምህር አለው፤ እሱን ጠየቀው። መምህሩም «የዛሬ ልጆች ሰውን ሳድ ሲሉ፣ አንተ የምታሳዝን፣ ምንም የማትረባ ማለታቸው ነው» አለው። መምህሩ አልተሳሳተም። ይኸው ነው ያናደደኝ።

በዚያው ቀን ታገድኩ። ክሱ «የበላይ ኃላፊን በአደባባይ ማዋረድ» ይላል።

*

እህቴ ወደ ተከራየሁባት ክፍል መጣች። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም፤ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ እንደያዘች ቆመች።

«ይቅርታ ጠይቂው።»

«እትዬ፣ እሱን አላልኩም እኮ። ዳቦውን ነው።»

«ዝም በይ!» በሩን ዘጋችው። «ዳቦውን ነው የምትለዋን ከአፍሽ እንዳልሰማት። ለማንም እንዳትዪያት።»

«እንዴት? እሱን ካልሰደብኩት አይሻልም?»

«አንቺ የተማርሽ ደንቆሮ! እሱን ብትሰድቢው የቤተሰብ ጠብ ነው፤ ትኮራረፋላችሁ፣ ትታረቃላችሁ። ዳቦውን ካልሽ ግን የጥራት ተቆጣጣሪዋ ዳቦው አይረባም አለች ማለት ነው። ቦርዱ ማን አዘዘ ይላል። ማን ሊባል ነው?»

«ያዘዘው ነዋ።»

«ያዘዘው ባሌ ነው!»

«ዳቦው ግን ሳሙና ነው፣ እትዬ።»

«ይሁና! ሰው በሳሙና አይሞትም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እህቴ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው የምፈራት። «ስሚኝ። ሚስቱ እኔ ነኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ፤ ስደቢው። ኮሚቴው ፊት ሰውየውን ነው የሰደብኩት በይ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሽ፣ ነገ ሥራሽ ላይ ነሽ። ዳቦውን ካልሽ ግን ሥራም የለሽ፣ እህትም የለሽ።»

«እሱ ነው የላከሽ?»

«እሱማ ገና ስድቡ ራሱ አልበረደለትም። ያሰብኩለት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት የሚያስብ አንድ ሰው ነው ያለው።»

ሄደች። ባሏን እንድሰድብላት እየለመነች የምትቆጣ ሴት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

*

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ የሰው ሀብት ኃላፊ ናት፤ ባሏን «የተከበሩ የትዳር አጋሬ» እያለች እንደምትጠራ የሚወራባት ሴትዮ። የሽያጭ ኃላፊው አለ፣ ያ ዘውድ የላከው። ሦስተኛው ምድጃ ነው። እርሾ ከሳሽ ሆኖ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጠረጴዛው መሀል ሻይና በስስ የተቆረጠ አዲሱ ዳቦ አለ፤ አዲሱ ዳቦ ከወጣ ወዲህ ያለ እሱ ስብሰባ አይደረግም። ዳቦውን የነካ ግን የለም። በመስኮቱ የማከፋፈያ መኪኖቹ ሲጫኑ ይታያሉ። እኔ ስለታገድኩ፣ ዳቦው እንዲወጣ የሚፈርመው እርሾ ራሱ ነው።

«የዛሬው አጀንዳ አንድ ቃል ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «ተከሳሽ ጽፈዋል የተባለው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?»

የሽያጭ ኃላፊው ስልኩን አወጣ። «እዚህ ላይ 'ያዘነ' ይላል።»

«ያዘነ ብቻ?»

«ያዘነ፣ የተከዘ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያስከስሳል?» ሰብሳቢዋ ቅር አላት፤ ጉባኤ ጠርታ በባዶ መመለስ አትወድም። «ሰው አዝነሃል ቢባል…»

«እኔ የት አዝኛለሁ?» አለ እርሾ። «ፎቶውን እዩት! የመንጋጋ ጥርሴ ሁሉ ይቆጠራል! የማትረባ ማለቷ ነው። መምህር ጠይቄያለሁ።»

«በሩ ላይ ያሉት ስድ ነው ይላሉ» አለ ምድጃ።

«እሱም ነው!» አለ እርሾ። «ሁሉንም ነው ያለችኝ!»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሰውየውን ብል ውሸት፣ ዳቦውን ብል እሳት። ታዲያ ሦስተኛ መንገድ ታየኝ፤ ቃሏን ይዤ ወደ ኋላ፣ ማንም ወዳልተሰደበበት ዘመን እሸሻለሁ አልኩ። ትምህርቴን የተጠቀምኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። ምነው በቀረብኝ።

«የቃሉ የዛሬ ትርጉም ብዙ ስለሆነ» አልኩ፣ «ከአመጣጡ ብንነሣ ይሻላል። ሳድ ከሺህ ዓመት በፊት ከሐዘን ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራትም። ትርጉሟ ቀስ እያለ ነው የተንሸራተተው። ሰው ሆዱ ሲሞላ ይከብዳል። የከበደ አይነቃነቅም። የማይነቃነቅ ሰው ቁም ነገረኛ ይመስላል፤ እንዲያውም በአንድ ዘመን ሳድ ሰው ማለት የረጋ፣ የሚታመን፣ ከባድ ሰው ማለት ነበር። ቁም ነገረኛ ደግሞ አይስቅም፤ የማይስቅ ሰው ያዘነ ይመስላል። በዚህ በኩል ነው ሐዘን ላይ የደረሰችው።»

«ከባድ ሰው» አለ የሽያጭ ኃላፊው፤ እርሾን አየት አደረገ። «ይሄማ ምስጋና ነው።»

እርሾ እንኳ ትከሻውን ላላ አደረገ። አንድ ትንፋሽ ብታገሥ ነፃ ነበርኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ምድጃ። «ከሁሉ በፊት ምን ነበር አልሽ? ሆዱ ሲሞላ ያልሽው ላይ።»

«መነሻዋ ነው። ስትወለድ ትርጉሟ 'የጠገበ' ነበር።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሰማሁት። ሁላችንም ሰማነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

እርሾ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ጠግበሃል! ጠግበሃል ነው ያለችኝ! ሰማችሁ? በገዛ አንደበቷ!»

«ይመዝገብ» አለች ሰብሳቢዋ፤ ፊቷ በራ።

«በእንግሊዝኛ እኮ ስድብ አይደለም!» አልኩ። «እንግሊዝ ሲጠግብ አዘነ፤ የኛ ሰው ሲጠግብ ሰው ይረግጣል። ልዩነቱ የቃሉ ሳይሆን የጠገበው ሰው ነው!»

«ጨመረችበት!» አለ እርሾ። «ረጋጭም አለችኝ! ይጻፍ!»

«እንዲያውም ላስቲካችን ላይ አለ» አልኩ፤ መዋኘት የማይችል ሰው እንደሚያደርገው እጄን እያወናጨፍኩ። «ደንበኞቻችን ሳቲስፋይድ ናቸው ብለን አትመን የለም? ያቺ የዚህች ዘመድ ናት። ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው።»

የሽያጭ ኃላፊው ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «ደንበኞቻችን ጠግበዋል ብለን ነው ያተምነው?»

«ተቀመጡ!» አለች ሰብሳቢዋ።

እርሾ አልተቀመጠም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ወደ እኔ አጎነበሰ። «ማን ነው የጠገበው? ሥራ ፈትተሽ መጽሐፍ ስታመነዥጊ ማን አመጣሽ? ያጎረሰ እጅ ተነከሰ! ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!»

«ጋሼ፣ ይህን ዳቦ የበላ ውሻ አይጮኽም። ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል።»

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?» እርስዎው ቀረ፣ አንቺ ሆንኩ። «ዳቦውን ነው እንዴ ሳድ ያልሽው?»

«አይደለም!» ብሎ ጮኸ እርሾ። «እኔን ነው! እኔን ነው የሰደበችው! የማትረባ፣ ስድ፣ ጥጋበኛ ብላኛለች፤ አንድም ሳይቀነስ ይጻፍልኝ!»

ሰው ለስድብ እንዲህ ሲሟገት ያሳዝናል። በዛሬው ትርጉምም በጥንቱም።

«ዳቦስ በእንግሊዝኛ ሳድ ይባላል?» አለ ምድጃ ቀስ ብሎ።

«ይባላል። ሳይነሣ የተጋገረ፣ የከበደ ዳቦ።»

እኔ ምድጃ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ እንደ ሥራው ጋለ። «ታዲያ የተሰደብኩት እኔ ነኛ! የጋገርኩት እኔ አይደለሁም? አንቺ እጅሽን ኪስሽ ከትተሽ ትዞሪያለሽ፣ እኔ እሳት ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ በፈረንጅ አፍ ትሞልጪኛለሽ!»

«አንተን አላልኩም…»

«ሊጡን ሳይነሣ የላክሁት እኔ ነኝ?» ወደ እርሾ ዞረ። «እኔ የሰጡኝን ነው የምጋግረው! ጌታዬ፣ ይንገሩልኝ እንጂ!»

እርሾ ለእሱም አልነገረለትም፤ ለእኔም አልነገረልኝም። በመስኮት አየ። የመጀመሪያው መኪና የኋላ በሩ ሲዘጋ ተሰማ።

ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቃሉ አንድ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለት ተሰዳቢ አልጽፍም። ተከሳሽ ትመርጣለች። ሰውየውን ከሆነ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል፣ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ። ዳቦውን ከሆነ ስድብ አይደለም፤ የጥራት ውሳኔ ነው። መኪኖቹ ይቆማሉ፣ ጉዳዩ ቦርድ ይሄዳል።» ከዚያ እንደ ሴት ለሴት ዝቅ ብላ፣ «ከዚያ በኋላ አብራችሁ መሥራታችሁን እንጃ» አለች።

እርሾ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ የሌለበት አስተያየት ነበር፤ ልመናም አልነበረም። ሻጭ ገዢን የሚያይበት ዓይን ነው፤ ዋጋው ይኸው፣ ውሰጂ ወይ ተይው።

ሳህኑን አነሣሁት።

«መልስ ከመስጠቴ በፊት» አልኩ፣ «እስቲ ቅመሱ።» ለሰብሳቢዋ ዘረጋሁላት።

«አይ፣ እኔ ጠግቤያለሁ። ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት።»

ለሽያጭ ኃላፊው ዘረጋሁለት። «ኧረ ጠግቤያለሁ» አለና ሆዱን ደበደበ።

ምድጃ ሳህኑ ሳይደርሰው እጁን አወዛወዘ። «እኔ የጋገርኩትን አልበላም። ጠግቤያለሁ።»

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ሳድ ነበር።

«ወዲህ አምጪው!» እርሾ ሳህኑን ከእጄ ነጠቀ። አንዱን ቁራጭ አጥፎ ጎረሰ፤ ሳይውጠው ሁለተኛውን ደገመ። ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል አኘከ። ጉንጩ ተነፋ። ያኝካል፣ ያኝካል፤ ዳቦው አፉ ውስጥ ተመልሶ ሊጥ ሆነ መሰለኝ፣ የሚቀንስ ነገር የለም። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ግሩም ነው» ሊል ሞከረና «ግም» ብቻ ወጣ። የሽያጭ ኃላፊው ሻይ ገፋለት።

«ተከሳሽ» አለች ሰብሳቢዋ፤ ሳቋን በወረቀት ጋርዳ። «ሰውየውን ነው ዳቦውን?»

ሰውየውን ማለት ቀላል ነበር። ደስም ይለኝ ነበር፤ እያንዳንዱን ትርጉም ለእሱ ብሰጠው አንድም አይሰፋውም። እህቴም ፈቅዳለች። ግን እኔ ያን ዳቦ በጣቴ ተጭኜዋለሁ፤ ጉድጓዱ እንዳለ ነው። ሰውየውን ብል፣ ነገ ሥራዬ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያው ፊርማዬ በዚያ ጉድጓድ ላይ ነው።

«ዳቦውን» አልኩ።

እርሾ ሁለት እጁን አነሣ። አፉ ግን አልተባበረውም። ራሱን ነቀነቀ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ ጉሮሮውን ይዞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰብሳቢዋ ጠበቀችው። የሚቃወም ካለ ብላ ጠየቀች፤ በደንቡ መሠረት ተቃውሞ በቃል ነው የሚቀርበው። ሲቆይባት ጻፈች። ምድጃ ወረቀቱ ሳይፈረም ወጥቶ ወደ መኪኖቹ ሮጠ፤ ለእኔ ብሎ አይደለም፣ ጥፋቱ ወደ ሊጡ እንጂ ወደ እሳቱ እንዳይመጣ ነው። በሩ ላይ ቆም ብሎ «አንቺን ግን አልምርሽም» አለኝ።

እርሾ በመጨረሻ ዋጠ። ሻዩን ጨልጦ ከንፈሩን በእጁ ጠረገ።

«ከእንግዲህ ቤቴ አትደርሺም» አለ። አልጮኸም። «እህቴ አለች ብለሽ ደጄን እንዳታንኳኪ። እዚህም ቢሆን ቦርዱ እስኪሰበሰብ ነው።»

«እስኪሰበሰብ ድረስ እግዱ ተነሥቷል» አለች ሰብሳቢዋ ቀና ሳትል። «የጥራት ውሳኔ የሰጠ ባለሙያ አይታገድም። ደንብ ነው።»

*

ግቢው ውስጥ የተጫነው ሁሉ ተመልሶ ይወርድ ነበር። ሾፌሮቹና ጫኞቹ የማን ውሳኔ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። አንዱ እኔን ሲያይ «መጣች ሳድስ!» አለ፣ ሌላው የማይጻፈውን ስሜን ጠራ። አንድ ሾፌር የዳቦ ሳጥን እግሬ ሥር ዘርግፎ፣ «ነይ እንግዲህ አንቺው ብይው! የዛሬ ውሎ አበሌን ከነላስቲኩ ብይው!» አለኝ። ከሳጥኑ ሁለት ዳቦ ወጥቶ መሬት ላይ አረፈ። አልነጠረም።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ምን አልሽ?»

«ዳቦውን።»

ከኋላዋ ልጆቿ በሪሞት ሲጣሉ ይሰማኛል።

«አንድ ሰው መስደብ አቃተሽ?» አለች። «ይሄን ሁሉ ተምረሽ፣ አንድ ሰው? ባሌን ነው እኮ የሰጠሁሽ። የትኛዋ ሴት ናት ይህን ለእህቷ የምትሰጥ?»

«እትዬ…»

«እትዬ አትበይኝ።»

ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሣችም። ሾፌሩ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እስክጨርስ እየጠበቀ ነበር፤ የሚቀጥለው ስድብ አፉ ላይ ተዘጋጅቷል። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ወደ መኪናው ውስጥ አየሁ። ጥግ ላይ፣ በሸራ የተሸፈኑ ሳጥኖች ቀርተዋል።

«እነዚያንም አውርዳቸው» አልኩት።